ደሴ ላይ ቤት ከመሸጥህ በፊት የቱን ታሰራለህ፦ ጣሪያውን ወይስ ጂፕሰሙን?

ሰሞኑን ሦስት ጓደኞቼ አንድ አይነት ጥያቄ ጠየቁኝ፣ ቤቱን ልሸጠው ነው ትንሽ ላሳምረው ብዬ ነበር፣ ጂፕሰም ኮርኒስ ይሻላል ወይስ ኪችን ካቢኔት? በስልክ መደጋገሙ ስለደከመኝ እዚሁ ልጻፈው። ቤቱ ደሴ ከሆነ ሁለቱም አይቅደሙ፣ ጣሪያና አሸንዳ ይቅደም። ኮምቦልቻ ከሆነ ትንሽ ይለያል፣ እሱን ወደታች እነግራችኋለሁ።

እኔ ይሄን ያወቅኩት ከፍዬበት ነው። አምና ሰኞ ገበያ አካባቢ ያለውን የእናቴን ቤት ልንሸጥ ስንነሳ እጃችን ላይ 180 ሺ ብር ነበር። ሳሎኑንና መኝታ ቤቶቹን ጂፕሰም አሰራን፣ 64 ካሬ በ1,150፣ 73,600 ብር ሄደ። ካቢኔት 4 ሜትር በ17 ሺ፣ 68 ሺ። የቀረችው ለቀለም። እናቴ ጣሪያውንስ ስትል፣ "ማን ወጥቶ ያየዋል" ያልኩት እኔ ነኝ።

ደሴ ላይ ደግሞ ዝናቡ የክረምት ብቻ አይደለም፣ በልግም አለ። መጋቢት ላይ አንድ ሌሊት ከጦሳ ተራራ በኩል ሲወርድ አደረና ጠዋት ሳሎኑ ጥግ ላይ የስኒ አፍ የምታክል ቡኒ ክብ ወጥታለች። በሦስተኛው ቀን ሰሃን አከለች፣ በጣቴ ጫን ሳደርጋት እንደ ረጠበ ዳቦ ገባች። በዚያው ሳምንት ደላላው አንድ ሃጂ ይዞ መጣ። ቡና ተፈላ፣ ሃጂ ካቢኔቱን ከፍተው እንኳን አላዩትም፣ ስኒያቸውን እንደያዙ ቀና አሉና "ይቺ ምንድናት ልጄ?" አሉኝ። ትንሽ ነገር ናት ሃጂ፣ ትሰራለች አልኳቸው። "መሰላል አለ?"

መሰላል መጣ፣ አብሯቸው የነበረው ልጅ ወጣ፣ የሚስማሩ ቀዳዳ ሁሉ ዝጎ ሰፍቷል፣ ከስሩ ያለው ሞራሌ፣ ቆርቆሮው የሚመታበት እንጨት፣ ጠቁሯል። ቀድሞ ካሉት ዋጋ ላይ 250 ሺ ቀነሱ። በጣም ነው የተናደድኩት፣ ግን አልፈርድባቸውም፣ ጣሪያው እንዲህ ከሆነ ያላየሁትስ ምን ይሆናል ብለው ነው።

ለሃጂ አልሸጥንም። ሚያዝያ ላይ ተበድሬ ጣሪያውን አስነካሁት። ሁሉንም አልቀየርንም፣ ዝናቡ የሚመታውን ጎን ብቻ፣ 34 ፍሬ ቆርቆሮ በ870 ገዛን፣ 29,580 ብር። ሞራሌ፣ ባለ ጎማ ሚስማር፣ አሸንዳና የሰራተኛ ተደምሮ 61,400 ብር ወጣ። ከጂፕሰሙ ያነሰ ነው! መጀመሪያ ሰርተነው ቢሆን ጂፕሰሙን ለማስጠገን ሌላ 6 ሺ አላወጣም ነበር።

ቆርቆሮ ስትገዙ ግን ዓይናችሁን ክፈቱ። ጌጅ የሚሉት የውፍረቱ መለኪያ ቁጥሩ ሲጨምር ነው ቆርቆሮው የሚሳሳው፣ 35 ከ32 ይቀጥናል፣ ይሄን የማያውቅ ሰው ብዙ ነው። አንድ ሱቅ "32 ነው" ብሎ በ720 ሊሰጠኝ ነበር፣ ከሌላው በ150 ብር ይረክሳል፣ በ34 ስታባዛው 5,100 ብር ነው፣ ልቤ ሄዶ ነበር። አናጢያችን ግን አንድ አንድ ይዘን ሚዛን እንሂድ አለኝ። ቁመታቸውም ስፋታቸውም እኩል ነው፣ ርካሹ ከግማሽ ኪሎ በላይ ቀለለ። 35 ነው በቃ፣ ላዩ ላይ የተጻፈው ምንም ይሁን። ከዚያ ወዲህ ሳላስመዝን አልገዛም።

ቀለም ከጣሪያ ቀጥሎ ነው፣ ርካሽ ነው ቤቱንም ይቀይረዋል፣ ግን የረጠበ ግድግዳ ላይ አትቀቡ፣ መጀመሪያ ውሃው የሚገባበትን ዝጉ፣ ግድግዳው ይድረቅ። የታወቀ ቀለም ባልዲ ውስጥ ውሃ የበዛበት የሚገለብጡ አሉ። እኔ የገዛሁት ከደረቀ በኋላ እንኳን እጄን ሳሳርፍበት እንደ ጠመኔ ነጭ አድርጎኝ ነበር፣ እንደገና አስቀባሁት። ክዳኑ ተከፍቶ የተዘጋ የሚመስል ከሆነ ተዉት። የጭቃ ቤት ያላችሁ ደግሞ ለማሳመር ብላችሁ ጭቃው ላይ በቀጥታ ሲሚንቶ አታስለስኑ፣ አይያያዝም፣ ሽቦ ካልተመታበት ቆይቶ እንደ ቅርፊት ይላቀቃል።

የግቢ በር አዲስ 85 ሺ ጠየቁኝ፣ የድሮውን በብረት ብሩሽ አስፍቄ አንቲረስት (የዝገት መከላከያ) እና ቀለም አስቀባሁት፣ 4,500። ገዢው መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው፣ ማንም አዲስ አይደለም አላለኝም።

ካቢኔት ላይ ገንዘባችሁን አታፍስሱ። ሰው ኪችኑን በራሱ መልክ ነው የሚፈልገው፣ ቺፕውዱ ደግሞ ውሃ ሲነካው ያብጣል፣ የኛው ከሲንኩ ስር ያለው በር ገና ሳይሸጥ መዘጋት እምቢ ብሎ ነበር።

ኮምቦልቻ ሌላ ነው፣ ከደሴ የሐረጎን ቁልቁለት ስትወርድ ሙቀቱ ይቀበልሃል። እዛ ባዶ ቆርቆሮ ስር ቀን መቀመጥ ስለማይቻል ኮርኒስ ያዋጣል፣ እህቴ በቺፕውድ ነው ያሰራችው፣ ጂፕሰም አላስፈለጋትም። ከዚያ ሮቶ፣ የውሃ ታንከር። ቤቷን ሊያይ የመጣ ሁሉ ውሃ በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል ብሎ ነበር የሚጠይቃት፣ ታንከሩን ስታሳየው ፊቱ ይፈታል።

ጣሪያ ስታሰሩ ደረሰኝ ያዙ፣ ፎቶም አንሱ፣ የድሮውንም የአዲሱንም። ሁለተኛዋ ገዢያችን አስተማሪ ናት፣ ግንቦት ላይ መጣች፣ እሷም እንደ ሃጂ ወደ ላይ ነው ያየችው። ስልኬን ሰጠኋት፣ የዛገውን ሚስማር፣ የጠቆረውን ሞራሌ፣ ከዚያ አዲሱን እያገላበጠች አየች፣ ደረሰኙን አነበበች። "ክረምቱ ሳይገባ ልግባበት" አለችና 40 ሺ ብቻ አስቀነሰችኝ።