የኮሮላ ሞተር ማስነሻ ስዊች፦ ከወራት አገልግሎት በኋላ

ይህ ግምገማ የሚመለከተው እ.ኤ.አ. በ2004 ለተሠራችው ቶዮታ ኮሮላዬ ከአዲስ አበባው የመለዋወጫ ገበያ ከሶማሌ ተራ የገዛሁትን፣ ኦርጅናል ያልሆነ የሞተር ማስነሻ ስዊች ነው። ከፋብሪካው ጋር የመጣው ስዊች ሃያ ዓመት ገደማ ያለ እንከን ካገለገለ በኋላ ኮንታክቱ (ኤሌክትሪኩን የሚያገናኘው ብረት) አልቆ ነበር፤ ቁልፉን ሳዞር ሞተሪኖው (ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሣው ትንሽ ሞተር) አንዳንዴ ዝም ይላል፣ ቁልፉን ነካ ነካ ሳደርገው ደግሞ ይነሣል፤ በኮረኮንች ላይም የዳሽቦርዱ መብራቶች ብልጭ ብለው ይጠፉ ነበር። ባትሪውና ሞተሪኖው ደህና መሆናቸው ሲረጋገጥ ጥፋቱ ስዊቹ ላይ ተገኘ።

የማስነሻው ክፍል ከውጭ ሲታይ አንድ ዕቃ ቢመስልም ሁለት አካላት አሉት። አንዱ ቁልፍ የሚገባበትና መሪውን የሚቆልፈው የቁልፍ ቤት ሲሆን፣ ሌላው ከጀርባው የተገጠመው ኤሌክትሪክ አከፋፋይ ስዊች ነው። ቁልፉ ሳይቸገር እየዞረ ኤሌክትሪኩ ብቻ የሚቆራረጥ ከሆነ የቁልፍ ቤቱን መቀየር ገንዘብ ማባከን ነው፤ ሻጮች ግን «ሙሉውን ውሰድ» ማለት ይቀናቸዋል። ሙሉውን የወሰደ ሰው ለበሩ አንድ፣ ለሞተሩ ሌላ ቁልፍ ይዞ መዞሩ አይቀርም።

አፈታቱ ከጠበቅሁት በላይ ቀላል ነው። መጀመሪያ የባትሪው ኔጌቲቭ ገመድ ይፈታል፤ መሪው ውስጥ ኤርባግ ስላለም የቶዮታ የጥገና መመሪያ ከዚያ በኋላ ቢያንስ 90 ሰከንድ መጠበቅን ያዛል። ቀጥሎ በመሪው ዘንግ ዙሪያ ያለው የፕላስቲክ ሽፋን በባለ መስቀል ካቻቪቴ ተፈትቶ ይወርዳል፤ መሪውን መንቀል አያስፈልግም። ስዊቹ ከቁልፍ ቤቱ በስተኋላ በሁለት ትንንሽ ብሎኖች ታስሮ ይገኛል። ሶኬቱ የሚነቀለው ምላሱን ተጭኖ አካሉን በመሳብ እንጂ ገመዱን በመጎተት አይደለም። አሮጌው ሲወጣ ወደ ሞተሪኖው በሚሄደው ተርሚናል ዙሪያ ነጩ ፕላስቲክ ቡናማ ሆኖ ነበር፤ ያለቀ ኮንታክት ይግላል፣ ግለቱም ፕላስቲኩን ያነደዋል። አዲሱ ሲገባ የመዞሪያው ጎድጎድ ከቁልፍ ቤቱ ጫፍ ጋር መግጠም አለበት፤ ሳይገጥም ብሎኑን በጉልበት ማጥበቅ ዕቃውን ይሰነጥቀዋል።

የቁልፍ ቤቱም መውጣት ካለበት፣ ቁልፉ ወደ ኤሲሲ (ሞተሩ ሳይነሣ ራዲዮ የሚሠራበት ቦታ) ይዞርና በትንሿ ቀዳዳ መያዣ ፒኗ በቀጭን ሽቦ ስትጫን ሲሊንደሩ ተስቦ ይወጣል። ቁልፍ ለጠፋበት ሰው ግን ይህ መንገድ ዝግ ነው። መላውን መያዣ ከዘንጉ ጋር ያሰሩት ብሎኖች ለሌባ እንዳይመቹ ሲጠብቁ ጭንቅላታቸው እንዲሰበር ሆነው የተሠሩ ስለሆኑ መሰርሰሪያ የግድ ይላል፤ ያን ሥራ ለባለሙያ መተው ይሻላል።

ከተገጠመ ወዲህ ክረምቱንም በጋውንም አልፎ አንድም ቀን አላስቸገረኝም። በቅርቡ ሽፋኑን ፈትቼ መብራቱንና ራዲዮውን አብርቼ በቴስተር ስለካው፣ በኮንታክቱ መግቢያና መውጫ መካከል ያለው የቮልት ልዩነት ከዜሮ እምብዛም አልራቀም፣ ማለትም ኮንታክቱ ደህና ነው፤ ፕላስቲኩም ቀለሙን አልቀየረም። ቅሬታዬ ሌላ ነው፦ ከኤሲሲ ወደ ኦን (ሞተሩ ሲሠራ ቁልፉ የሚቆምበት ቦታ) ሲዞር የኦርጅናሉ ጥርት ያለ «ቀጭ» እዚህ ደብዘዝ ያለ ነው፣ ሶኬቱም ሲገባ ከሚገባው በላይ ይጠብቃል።

«ቀጭ» ማለቱን እንደ ቅንጦት የሚያየው ሰው ሊኖር ይችላል፤ ቁልፉ በቦታው መያዙን የሚነግረን ግን እሱ ነው። ጄኔራል ሞተርስ እ.ኤ.አ. በ2014 ሸቭሮሌ ኮባልትን ጨምሮ 2.6 ሚሊዮን ገደማ መኪኖችን ለጥገና የጠራው፣ ስዊቹ ቁልፉን በቦታው አጥብቆ ስለማይዝ፣ በከባድ የቁልፍ መያዣ ወይም በመንገድ ንቅናቄ ቁልፉ ወደ ኋላ ተመልሶ ሞተሩን ያጠፋ፣ ኤርባጉንም ከሥራ ውጭ ያደርግ ስለነበር ነው፤ ኩባንያው ባቋቋመው የካሳ ፈንድም የ124 ሟቾች ጥያቄ ተቀባይነት አግኝቷል። በእኔ መኪና ቁልፉ ሲንሸራተት አላየሁም፤ የሆነ ሆኖ የቤቴንና የቢሮዬን ቁልፎች ከመኪናው ቁልፍ ለይቻለሁ።

ይህን ዕቃ የሚገዛ ሰው ማሸጊያውን ሳይሆን አመላለሱን ይፈትሽ። መዞሪያው በካቻቪቴ እስከ ስታርት (ሞተሩ የሚነሣበት ቦታ) ዞሮ ሲለቀቅ ወዲያው ወደ ኦን መመለስ አለበት፤ ስታርት ላይ የሚቀር ስዊች ሞተሩ ከተነሣም በኋላ ሞተሪኖውን እያዞረ ያቃጥለዋል። ይህን እንዳይሞክር የሚከለክል ሻጭ ካጋጠመው ወደሚቀጥለው ሱቅ ይለፍ።