የጉግል ዳታ አናሊቲክስ ሰርተፊኬት፦ ጅማ ላይ ምን ያህል ሠራልኝ?

ከጅማ ዩኒቨርሲቲ በአካውንቲንግ የተመረቅኩት በ2015 ነው፤ የመውጫ ፈተና በተጀመረበት ዓመት። ሥራ ሳጣ ጊዜ ኮርሴራ በሚባለው የኦንላይን መማሪያ ላይ የጉግልን ዳታ አናሊቲክስ (የመረጃ ትንተና) ኮርስ ጀመርኩ። "ይሄ ነገር ያስቀጥራል ወይ?" የሚለኝ ሰው ስለበዛ ያየሁትን ልንገራችሁ።

እኔ ስወስደው 8 ኮርስ ነበረው። ስፕሬድሺት (እንደ ኤክሴል ያለ የሠንጠረዥ ሥራ)፣ ኤስኪውኤል (ከዳታቤዝ መረጃ ማውጫ ቋንቋ)፣ ታብሎ (ዳታን በሥዕል ማሳያ) እና አር (የዳታ ትንተና ፕሮግራሚንግ ቋንቋ) ያስተምራል። በሳምንት 10 ሰዓት ለሚያጠና 6 ወር ይበቃል ይላሉ፤ እኔን 9 ወር ፈጅቶብኛል። መብራት በሚኖርበት ሰዓት ቪዲዮውን ስልኬ ላይ አውርጄ፣ ሲጠፋ እሱን አያለሁ። ክፍያው በዶላር ስለሆነ የገንዘብ ድጋፍ ጠይቄ ነው የተማርኩት።

ሰርተፊኬቱን ይዤ መጀመሪያ የሄድኩት አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው። መዝጋቢዋ ዲግሪዬን አገላብጣ አየችና ሰርተፊኬቱን መለሰችልኝ። "እህቴ፣ ይሄ ሥልጠና ነው፤ ነጥብ አይያዝለትም።" በጣም ከፋኝ። እሷ ግን ምን ታድርግ? ቅጹ ላይ የትምህርት ደረጃ፣ ውጤትና የሥራ ልምድ እንጂ ሌላ መሙያ ቦታ የለውም።

ሁለተኛው አንድ ቡና አቅራቢ ጋ ነበር። ሥራ አስኪያጁ በዕድሜ አባቴን የሚያህሉ ሰው ናቸው። ወረቀቴን ሳያዩ ላፕቶፑን ወደ እኔ አዞሩት። "እስቲ ይሄን እይልኝ ልጄ፤ ድምሩ ከመጋዘኑ ጋር አልገጥም ብሎኛል" አሉኝ። የጀንፈል (ከነገለባው የደረቀ ቡና) መዝገብ ነው። "መጠን" በሚለው ዓምድ አንዱ ረድፍ ላይ 340፣ ከሥሩ 20፣ ቀጥሎ 510፣ ከዚያ 30 ይላል። ደረሰኞቹን ሳመሳክር ገባኝ፤ አንደኛው ጸሐፊ በኪሎ፣ ሌላኛው በፈረሱላ ነው የመዘገቡት። 20 ፈረሱላ ማለት 340 ኪሎ ነው። አዲስ ዓምድ ከፍቼ የፈረሱላዎቹን በ17 አባዛሁና ደመርኩት። ገጠመ! 4ኛው ኮርስ ሙሉውን እንዲህ ያለ የተዘበራረቀ ዳታ ስለማጽዳት ነው። ያን ቀን እያንዳንዷ ሰዓት ካሰችኝ።

ሰርተፊኬቱን የጠየቁኝ ከዚያ በኋላ ነው። ማረጋገጫ ሊንኩን ከፈቱና ስሜን አዩ። ከቀጠሩኝ በኋላ ደግሞ በግልጽ ነገሩኝ፦ "ዲግሪ ባይኖርሽ ለፈተናም አልጠራሽም ነበር። ከ6 ሰው አንቺን የመረጥኩት ግን ስትሠሪ አይቼ ነው።"

ጉግል በፈረንጆቹ 2020 ላይ ሰርተፊኬቶቹን ለሚመለከታቸው ሥራዎች ከ4 ዓመት ዲግሪ እኩል እንደሚያያቸው አስታውቆ ነበር። ያ የራሱ ቅጥር ነው። ጅማ ላይ ዲግሪው በር ያስከፍታል፤ ገብታችሁ የምትሠሩትን ደግሞ ከኮርሱ ታገኙታላችሁ። ስለዚህ ግቢ ያላችሁ ልጆች፣ እባካችሁ ለዚህ ብላችሁ ትምህርት እንዳታቋርጡ። ተመርቃችሁ ቤት ለተቀመጣችሁ ግን ከልቤ ነው የምመክረው።

ለኮርሱ ከ5 ኮከብ 4ቱን ሰጥቼዋለሁ። አንዱን የቀነስኩት በአር ምክንያት ነው፤ ብዙ ጊዜ ይወስዳል፣ እዚህ ግን እስካሁን ማንም አልጠየቀኝም። ኤክሴሉንና ኤስኪውኤሉን ደጋግሙት። የዶላሩ ነገር ካስቸገራችሁ ሐምሌ 2016 የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና በነጻ ነው፤ የዳታ ሳይንስ መሠረታዊ ኮርስም አለው። ታናሽ ወንድሜን እሱ ላይ አስመዝግቤዋለሁ። ማታ ማታ የኔን የጀንፈል መዝገብ መለማመጃ አድርጌ እሰጠዋለሁ።