የአንጎል ኤምአርአይ ሪፖርት ግራ ሲያጋባችሁ፦ የኦንላይን ሁለተኛ አስተያየት ያዋጣል?

ለእኛ አዋጥቶናል። ለሁሉም ሰው ግን አይሆንም።

እህቴ ኤምአርአይ የተነሳችው ራስ ምታቷ አልተው ስላላት ነው። ሪፖርቱ ላይ «ምንነታቸው ያልተለየ ጥቃቅን ነጭ ነጠብጣቦች፤ ከምልክቶቿ ጋር ይገናዘብ» ይላል፣ አለቀ። የነርቭ ሐኪሟ ቀጠሮ ገና ነበር፣ ቤቱ በሙሉ ጭንቅ ውስጥ ገባ። ስለዚህ ምስሉን በኦንላይን ለሚያነብ አገልግሎት ላክነው።

መጀመሪያ ደስ ያለኝ ሪፖርቱን ብቻ አንቀበልም ማለታቸው ነው። በስልክ የተነሳ ፎቶም አይሆንም። ሲዲው ላይ ያለውን ሙሉ የዳይኮም ፋይል (ማሽኑ ያወጣውን ዋናውን የምስል ፋይል)፣ ካለም የድሮ ምስል አምጡ አሉ። ከዚያ ጥያቄው መጣ፦ ዕድሜዋ፣ ደም ግፊት፣ ስኳር፣ ሲጋራ፣ አንድ ዓይኗ ደብዝዞባት ያውቅ እንደሆነ፣ እጅ ወይም እግሯ ለቀናት ደንዝዞ እንደሆነ። ልክ ናቸው። እንዲህ ያለ ነጠብጣብ ዕድሜ ሲገፋ ይመጣል፣ ደም ግፊትም ያመጣዋል፣ ማይግሬን ያለባቸው ሰዎች ላይም በብዛት ይታያል፤ የሰውየውን ታሪክ ሳያውቁ ማንበብ ግምት ነው።

መልሱ ላይ ዶክተሩ ነጠብጣቦቹን አንድ በአንድ በቀስት አመልክተዋል። ለካ ከቁጥሩ ይልቅ ቦታው ነው ብዙ የሚናገረው። ሁላችንም የፈራነው መልቲፕል ስክለሮሲስ (የሰውነት መከላከያ ራሱ የነርቮችን ሽፋን የሚያጠቃበት በሽታ) ብዙ ጊዜ የሚታየው በአንጎል ውስጥ ያሉትን የፈሳሽ ክፍተቶች ተጠግቶ፣ ከአንጎል የላይኛው ሽፋን ጋር ተያይዞ፣ በአንጎል ግንድና በትንሹ አንጎል፣ ወይም በህብለ ሰረሰር ላይ ነው። የእሷ ከእነዚህ ቦታዎች ራቅ ብለው የተበተኑ ጥቂት ነጥቦች ናቸው። የነጠብጣቦቹን መጠን በሚለካው፣ ፋዜካስ በሚባለው ከ0 (ምንም የለም) እስከ 3 (በጣም የበዛ) በሚሄድ መለኪያ 1 ሰጧቸው። «ከማይግሬን ጋር ይሄዳል፤ ምስሉ ብቻውን ግን ምክንያቱን አያረጋግጥም» ብለው ጻፉ። የማይታወቀውን አይታወቅም ማለታቸው ከሁሉም በላይ አሳመነኝ።

የጎደለውም አለ። የቪዲዮ ውይይቱ ጥድፊያ በዝቶበታል። ኮንትራስት (ምስሉን የሚያጎላ፣ በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ) ተወግታ እንደገና ትነሳ ወይ ስንል «አሁን አያስፈልግም» ብቻ አሉን። ኮንትራስት በተለይ አዲስ፣ ገና እየነደደ ያለ ቁስለት እንዳለ ለመለየት እንደሚረዳ ያስረዳን በኋላ የነርቭ ሐኪሟ ነው። ዓይኗን፣ አረማመዷን፣ የጉልበቷን ምላሽ አይቶ የመረመራትም እሱ ነው። ይህን ስክሪን አይተካውም።

ቀጠሯችሁ ቅርብ ከሆነ ብራችሁን አታውጡ። ድንገት ፊት ከተጣመመ፣ አንደበት ከተያዘ፣ አንድ ጎን ከደከመ ወይም በሕይወታችሁ አይታችሁት የማታውቁት ራስ ምታት በድንገት ከመጣ ደግሞ ኦንላይን ምናምን ሳትሉ ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። ሌሎቻችሁ ግን ምስሉን የተነሳችሁበት ቦታ ሳትለቁ ሲዲውን ተቀበሉ፣ ኮምፒውተር ላይ መከፈቱንም እዚያው አረጋግጡ።