ዛሬ ትኬት ቆርጦ ነገ ቮይድ ስለሚያደርገው የገና ሰሞን ወኪል

ስሙን አልጠራም፤ ግን ታውቁታላችሁ። ከእንጀራ መሸጫው ጎን አንዲት ጠባብ ክፍል፣ ግድግዳው ላይ የአውሮፕላን ፖስተር፣ ጠረጴዛው ላይ ሦስት ስልክ። «ላንቺ ብዬ ነው እንጂ በዚህ ዋጋ አይገኝም።» «ዛሬ ማታ ይዘጋል።» «በካርድ ከሆነ 3.5 በመቶ ይጨምራል፣ በዜል ላኪው።» ከዋሽንግተን ደለስ አዲስ አበባ፣ ለገና ደርሶ ከጥምቀት በኋላ መመለሻ፣ 2,140 ዶላር። ዲሴምበር 9 ተላከለት። በዜል፣ ገንዘብ ከባንክ ሂሳብ ወደ ባንክ ሂሳብ በቀጥታ በሚልከው፣ 75 ዶላር ለማትረፍ!

ይህን የምጽፈው ከደለስ ተመልሼ ነው። ሁለቱ ሻንጣ፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ፣ በሩ ላይ እንደቆመ ነው።

ዘዴውን አንድ በአንድ ላስረዳ፣ ምክንያቱም ብዙዎቻችን ትኬት የምንለው ትኬት አይደለም። በዋትስአፕ የሚላከው ወረቀት ላይ ያለው ስድስት ፊደልና ቁጥር የተቀላቀለበት ኮድ የቡኪንግ ኮድ ነው፤ ወንበር ተይዟል ማለት ነው እንጂ ተከፍሏል ማለት አይደለም። ወኪሉ አማዴየስ ወይም ሴበር የሚባሉት የወኪሎች የቡኪንግ ሲስተሞች ላይ ገብቶ ስም ጽፎ ወንበር ሲይዝ አንድ ሳንቲም አያወጣም። አየር መንገዱ «እስከዚህ ሰዓት ትኬቱን አውጣ» ብሎ ገደብ ይሰጠዋል፤ በበዓል ሰሞን ገደቡ ያጥራል። ካላወጣ ሲስተሙ ራሱ ወንበሩን ይነጥቃል። የስረዛው መልእክት ወዴት ይሄዳል? ቡኪንጉ ላይ ወደተመዘገበው ስልክና ኢሜይል። የማን ስልክና ኢሜይል ነው የተመዘገበው? የራሱ።

ትኬት የሚባለው 13 ዲጂት ነው። የፊተኞቹ ሦስቱ የአየር መንገዱ መለያ ናቸው፤ የኢትዮጵያ 071፣ የኤሚሬትስ 176፣ የኳታር 157፣ የቱርክ 235፣ የሉፍታንዛ 220። ከዚያ አሥር ቁጥር ይከተላል። ይህ ቁጥር የሌለበት «ኮንፈርምድ» የሚል ወረቀት ከሰርግ መጥሪያ ያንሳል፤ የሰርግ መጥሪያ ቢያንስ ያስገባል።

ይህን አውቅ ነበር። የሚያቃጥለኝም እሱ ነው። ቁጥሩን ጠየቅሁ፣ ሰውዬው ቅር ሳይለው ላከልኝ። አየር መንገዱ ድረ ገጽ ላይ አስገባሁት፣ ተከፈተ፣ ስሜ አለ፣ በመስኮት በኩል ወንበር መረጥኩ። ከዚያ በኋላ ግን ተመልሼ አላየሁትም። ለካ ቁጥር ለሚጠይቁ «ለነቁ» ደንበኞች ሁለተኛ ዘዴ አለው።

ቮይድ ይባላል። ወኪል ትኬት ካወጣ በኋላ በዚያው ቀን፣ እዚህ አሜሪካ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በማግስቱም ጭምር፣ ያለ ቅጣት እንዳልወጣ ሊያደርገው ይችላል። የተፈቀደው ለስህተት ማረሚያ ነው፦ ስም ተሳስቶ ተጽፎ፣ ቀን ተዛብቶ። እሱ ግን የሚጠቀምበት ቁጥሩን ለደንበኛ ለማሳየት ነው። ዛሬ አውጥቶ ይልካል፣ ደንበኛው አይቶ ይረካል፣ በማግስቱ ይሰርዘዋል። አየር መንገዱ ጋ ምንም ገንዘብ አልደረሰም፤ 2,140ው እሱ ኪስ ነው። ባንቺ ገንዘብ ቀድሞ ለጮኸበት ደንበኛ ትኬት ያወጣል፣ ያንቺን ደግሞ ዋጋ ሲወርድ በርካሽ አወጣዋለሁ ብሎ ይጠብቃል። በኦክቶበር ይሳካለት ይሆናል። በዲሴምበር ከየት ይመጣል? ኢኮኖሚ የሚባለው ተራው ወንበር አንድ ዋጋ አይደለም፤ በፊደል የተከፋፈለ ነው፣ ርካሾቹ ፊደሎች ቀድመው ያልቃሉ፣ የሚቀረው ውዱ ነው። መመለሻውም እንደዚያው። ጉድጓዱ እየሰፋ ሄዶ አንዱ የመጨረሻ ደንበኛ ውስጡ ይወድቃል።

ከበረራው 24 ሰዓት በፊት ኦንላይን ቼክኢን ሲከፈት እንቢ አለ። ደወልኩ። ሰውዬው አንደኛ ጥሪ ላይ አነሳ፦ «የኔ እናት፣ ወደ አዲስ አበባ ሲሆን ኦንላይን አይሠራም፣ ፓስፖርትና ቪዛ ማየት ስላለባቸው ነው። ኤርፖርት ትጨርሺያለሽ።» ውሸቱ ያለፈልኝ እውነት ስለተቀላቀለበት ነው፤ ሰነድ ለማየት ሲባል ኦንላይን የማይጨርስላቸው መንገደኞች በእርግጥ አሉ። ያኔ አየር መንገዱ ጋ ብደውል ኖሮ ቢያንስ አንድ ቀን ነበረኝ።

ካውንተሩ ላይ ልጅቷ ኮዱን መታች። ቆም አለች። ፓስፖርቱን እንደገና ጠየቀች፣ የትኬት ቁጥሩን ከስልኬ ላይ አይታ ጻፈችው፣ ኃላፊዋን ጠራች። ሁለቱ ስክሪኑን አይተው ተያዩ። ቡኪንጉ ይከፈታል፣ ውስጡ ያለው የኔ ወንበር ግን ተሰርዟል። ትኬቱ ሁለት ኩፖን አለው፣ የመሄጃና የመመለሻ፤ ሁለቱም ላይ «ቮይድ»። ቀኑን እንድታነብልኝ ለመንኳት። ዲሴምበር 10። ገንዘቡ በተላከ ማግስት! ያ ሰው 23 ቀን ሙሉ ያውቃል። «ሻንጣው ስንት ኪሎ ነው የሚፈቀደው» ብዬ ስደውል፣ «ሁለት ባለ 23፣ አይዞሽ» ሲለኝ ያውቃል። አውሮፕላኑ ሙሉ ነው፣ ትርፍ ወንበር ለመጠበቅ እንኳ ትኬት ያስፈልጋል።

እዚያው ሻንጣው ላይ ተቀምጬ ደወልኩለት። አልደነገጠም። «ሲስተም ነው፣ አየር መንገዱ ነው የሰረዘው።» ቮይድ ማድረግ የሚችለው ያወጣው ወኪል መሆኑን ስነግረው ዝም አለ፣ ከዚያ፦ «ለጃንዋሪ 9 አንድ ወንበር አለኝ፣ 960 ትጨምሪያለሽ።» ገና ጃንዋሪ 7 ነው! ስልኩን ሳይዘጋ ፊቱን ዞር አድርጎ አጠገቡ ለተቀመጠ ሰው ሲናገር ሰማሁት፦ «ዛሬ ማታ ይዘጋል፣ ላንተ ብዬ ነው።»

ለጥምቀት የምትሄዱ ካላችሁ፣ ወረቀቱን ተዉትና አየር መንገዱ ጋ ራሳችሁ ደውሉ። 13ቱን ዲጂት አንብባችሁ፣ ሁለቱም ኩፖን «ኦፕን ፎር ዩዝ» (ያልተሰረዘ፣ ለበረራ ዝግጁ) ይላል ወይ በሉ። በተቆረጠ ቀን ማየት ዋጋ የለውም፤ ሦስት የሥራ ቀን ቆይታችሁ አንዴ፣ ለበረራው ሳምንት ሲቀር ደግሞ አንዴ። ወኪሉ የራሳችሁን ኢሜይልና ስልክ ቡኪንጉ ላይ ያስገባ። በክሬዲት ካርድ ስትከፍሉ ስቴትመንቱ ላይ የአየር መንገዱ ስም ቢወጣ ጥሩ ነው፤ የወኪሉ ስም ከሆነም ስቴትመንቱ በተላከ በ60 ቀን ውስጥ መከራከር ትችላላችሁ። ዜል ላይ ግን ራሳችሁ ስለላካችሁት ባንኩ «ፈቅደሽ ነው» ይላል። እኔን ሰኞ የሚለኝም ይህንኑ ነው፤ ለማንኛውም የዋትስአፑን መልእክት በሙሉ፣ የቮይዱን ቀን ጭምር፣ አትሜ ይዤ እሄዳለሁ።