ሁለት ክንድ፣ አራት ጠርሙስ

ለዚህ ድንገተኛ ክፍል ከአምስት ኮከብ አራት ሰጥቻለሁ። አንዷን የወሰደችው ላብራቶሪው ናት፤ እመጣበታለሁ።

አባዬ ሁለት ቀን ሙሉ ሽንቱ ሲያቃጥለው አልነገረንም። በሦስተኛው ሌሊት አልጋው እስኪንቋቋ አንዘፈዘፈው። ከዚያ ስሜ ጠፋውና በሟች ወንድሙ ስም ጠራኝ። ትኩሳቱን ስለካው 36.4። «ትኩሳት የለውማ» ብዬ ተመልሼ ልተኛ ነበር። በሽማግሌ ሰው ላይ ትኩሳት ላይታይ እንደሚችል የሰማሁት እዚያ ከደረስኩ በኋላ ነው።

በር ላይ ያለችው ነርስ «ወረፋ ያዙ» አላለችንም። ደረቱን እያየች ትንፋሹን ቆጠረች። በደቂቃ 28። የደም ግፊቱም ወርዷል። ወዲያው አስገባችው።

በጣም የወደድኩት የደም አወሳሰዳቸውን ነው። ሌላኛዋ ሲስተር፣ ደሙ ውስጥ ጀርም እንዳለ ለማየት ደም የሚቀዳባቸውን ጠርሙሶች አፍ በአልኮል ጠረገች። ክንዱንም ጠርጋ እስኪደርቅ ጠበቀች። እኔ በሆዴ «ቶሎ በይ እንጂ» እላለሁ። ቀድታ ስትጨርስ፣ «አባባ፣ ያኛውን ክንድዎንም ይስጡኝ» አለችው። ከየክንዱ ሁለት ሁለት ጠርሙስ፣ በየጠርሙሱ 10 ሚሊ ሊትር ገደማ።

«ኧረ ደሙን ጨረስሽው!» አልኳት። አልተቆጣችም። ከቆዳ ላይ ሾልኮ የገባ ጀርም ብዙ ጊዜ በአንዱ ብቻ ይበቅላል፤ ከሁለቱም ክንድ አንድ ዓይነት ከበቀለ ግን ደሙ ውስጥ ነበረ ማለት ነው አለችኝ። ደሙ ካነሰ ደግሞ ጀርሙ ሳይያዝ ሊያመልጥ ይችላል። አንቲባዮቲኩን የሰጡት ይሄ እንዳለቀ ነው፤ ውጤት አልጠበቁም።

ጠርሙሶቹ ማሽን ውስጥ ይገባሉ። ጀርሙ ሲራባ የሚያወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ማሽኑ ይለያል። የአባዬ ከገባ ከ14 ሰዓት በኋላ ማሽኑ ጮኸ። ኢ. ኮላይ የሚባል ባክቴሪያ፣ በአራቱም። ሽንቱም ላይ የበቀለው እሱው ነው። ሆስፒታል ተኝቶ የያዘው አይደለም፤ ከቤት ይዞት ነው የመጣው።

አሁን ወደ ላብራቶሪው። የትኛው መድኃኒት ጀርሙን እንደሚገድለው የሚነግረው ውጤት በሦስተኛው ቀን ጠዋት አልቆ ነበር። እስከ ማታ ኮምፒውተር ላይ ተኛ። የደወለ የለም። እኔ ነኝ ወርጄ የጠየቅኩት። ቀለል ያለ መድኃኒት የሚበቃው ሰው ቀኑን ሙሉ ከባዱን ሲወስድ ዋለ። ያናድዳል።

አባዬ ሊወጣ ሲል ሲስተሯን አይቶ፣ «ያን ሁሉ ደሜን የት አደረስሽው?» አላት።