ኮዬ ፈጬ፦ ባትሪ ሳልቀይር የተመለስኩበት ጥገና ቤት

ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ከገባን ጀምሮ ዕቃ ሲበላሽብኝ ይዤ ወደ መሃል ከተማ መሄድ ልማዴ ነበር። አሁን ግን ከቤቴ በእግር ዐሥር ደቂቃ በማይሞላ ቦታ፣ ከአንድ ብሎክ ሥር ባለች ጠባብ የጥገና ሱቅ የተሠራልኝን ሥራ ሳልጽፍ ብቀር ቅር ይለኛል።

ዕቃው በሁለት እጅ የሚያዝ፣ ሰባት ኢንች ስክሪን ያለው፣ ሊኑክስ በሚባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም የሚሠራ ትንሽ ኮምፒውተር ነው። የእህቴ ልጅ ውጭ አገር ጌም ሲጫወትበት ቆይቶ ለእኔ አመጣልኝ። እኔ የሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ መምህር ነኝ። የመማሪያ መጻሕፍቱን፣ የፈተና ጥያቄዎቼን፣ በኪዊክስ ያለ ኢንተርኔት የሚነበበውን ዊኪፒዲያ ሁሉ ጭኜበታለሁ። መብራት በሄደ ማታ የነገውን ትምህርት የማዘጋጀው በእሱ ነው፤ ስለዚህ የባትሪው ነገር ለእኔ ቀላል ጉዳይ አይደለም።

ችግሩ የጀመረው ጥቅምት ላይ ነው። ማታ ሦስት ሰዓት ባትሪው 92 ፐርሰንት ላይ ሳለ ሳላጠፋው ስሊፕ አድርጌ፣ ማለትም አስተኝቼ፣ አስቀምጠዋለሁ፤ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ስከፍተው 31 ይላል። ቦርሳ ውስጥ ሲውል ደግሞ ሞቅ ብሎ አገኘዋለሁ። መጀመሪያ የወሰድኩበት መሃል ከተማ ያለ ሱቅ ሳይከፍተውና ሳይለካው «ባትሪው ሞቷል» ብሎ ከነማስመጫው 14,000 ብር ጠየቀኝ። ገንዘቡ ስላልነበረኝ ይዤው ተመለስኩ። በኋላ አንድ ተማሪዬ «ቲቸር፣ እኛ ሰፈር ብሎክ ሥር ያለችው ልጅ ሊኑክስ ታውቃለች» አለኝ።

የሱቁ ባለቤት ወጣት ሴት ናት። ከቂሊንጦ፣ ከሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲው፣ ላፕቶፕ ይዘው የሚመጡ ተማሪዎች ስላሏት ሊኑክስ አዲስ አይሆንባትም። ካቻቢቴ አላነሳችም፤ መጠየቅ ነው የጀመረችው። «ጋሼ፣ ሲሠሩበት ነው የሚጨርሰው ወይስ ሲያድር?» «ሲያድር።» «ምን ተሰክቶበት ነው የሚያድረው?» «ምንም» አልኳት። የገመድ አልባ ኪቦርዴን ትንሽ መቀበያ ከሥር ሰክቼ እንደተውኩት አላሰብኩትም ነበር። እሷ ግን አገላብጣ አየችው፤ ምንም አላለችም።

ቀጥሎ ጀርባውን በጣቷ ዳበሰችው፤ ባትሪ ያበጠ እንደሆነ ክዳኑ ይነሳል። ደህና ነበር። ከዚያ ትዕዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበትን ተርሚናል ከፈተች። ሊኑክስ ስለ ባትሪው የሚያውቀውን በተራ የጽሑፍ ፋይል ነው የሚያስቀምጠው፤ ፓወር ሰፕላይ የሚባለው ፎልደር ውስጥ ገብቶ ማንም ሊያነበው ይችላል። ሁለት ቁጥር አሳየችኝ፤ በማይክሮ ዋት ሰዓት ስለሚጻፉ ረጅም ናቸው። አንደኛው ባትሪው አዲስ ሳለ እንዲይዝ የተሠራበት፣ 40 ዋት ሰዓት። ሁለተኛው ዛሬ ሲሞላ የሚይዘው፣ 36.4። ዘጠና አንድ ፐርሰንት ማለት ነው። ይህ ቁጥር ግምት ስለሆነ አንዳንዴ ይስታል ብላ፣ ባዶ ካደረገችው በኋላ አጥፍታ በዩኤስቢ መለኪያ በኩል ቻርጅ አደረገችው። ሞልቶ ሲያበቃ መለኪያው 41 አነበበ፤ ትርፉ ሲሞላ በሙቀት የሚባክነው ነው። «ጋሼ፣ ይሄን ባትሪ መቀየር ጤነኛ ጥርስ መንቀል ነው» አለችኝ።

እንደ ፊዚክስ መምህር ልቤን የነካኝ ቀጥሎ የመጣው ነው። በደረሰኝ ጀርባ ላይ ሒሳቡን ሠራችው፦ ከ92 ወደ 31፣ 61 ፐርሰንት፤ ይህ 22 ዋት ሰዓት ገደማ ነው፤ ለዘጠኝ ሰዓት ሲካፈል ሁለት ዋት ተኩል ይጠጋል። «የተኛ ዕቃ ሁለት ዋት ተኩል አይበላም። ይሄ አልተኛም።»

እውነትም አልተኛም ነበር። ሊኑክስ ላይ ስሊፕ አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። ኤስ ቱ አይድል የሚባለው ፕሮሰሰሩን ያሳርፋል እንጂ ብዙውን ክፍል ኤሌክትሪክ አይነፍገውም። ዲፕ የሚባለው ግን ራሙ የያዘውን እንዳይረሳ የሚያስፈልገውን ብቻ አስቀርቶ ሌላውን ያጠፋል። ሜም ስሊፕ የሚባለውን ፋይል ስትከፍተው ሁለቱም ስሞች ተጽፈዋል፤ ቅንፍ ውስጥ ያለው፣ ማለትም የተመረጠው፣ የመጀመሪያው ነው። እዚህ ላይ ለአንባቢ አንድ ነገር ልበል፦ ያንተ ዕቃ ላይ ዲፕ የሚለው ቃል ጭራሽ ከሌለ ማሽኑ አይደግፈውም ማለት ነውና በግድ ላድርገው አትበል።

ከዚያ የሲስተሙን መዝገብ፣ ጆርናሉን፣ አወጣች። ኮምፒውተሩ ስሊፕ በገባና በወጣ ቁጥር የሊኑክስ እምብርት የሆነው ከርነል ከነሰዓቱ አንድ አንድ መስመር ይጽፋል። ያለፈውን ሌሊት ብቻ ስንቆጥር 14 ጊዜ ነቅቷል። እኔ ተኝቼ፣ ቤቱ ጨልሞ፣ እሱ ጠረጴዛ ላይ ሲነቃና ሲተኛ ነው ያደረው። የሚቀሰቅሰው ያ መቀበያ ነበር። ሊኑክስ የዩኤስቢ ኪቦርድ ማሽኑን እንዲቀሰቅስ አስቀድሞ ይፈቅድለታል። ኪቦርዱን ሳላጠፋ ከደብተር ክምር ሥር ስለምተወው፣ ቁልፉ በተጫነ ቁጥር ማሽኑ ይነሳል፤ ነቅቶም መልሶ እስኪተኛ ድረስ ስክሪኑም ዋይፋዩም ይሠራሉ።

እዚህ ላይ ሁሉንም በአንድ ጊዜ አስተካክላ ልትሸኘኝ ትችል ነበር። ፓወርቶፕ የሚባለው ፕሮግራም ኃይል የሚያባክኑ ቅንብሮችን ባንዴ የሚያስተካክል ትዕዛዝ አለው፤ እንድትጠቀምበትም ለመንኳት። እምቢ አለች። አንደኛ፣ ማሽኑ ጠፍቶ ሲነሳ ማስተካከያው አብሮ ይጠፋል። ሁለተኛ፣ «ሁሉን ባንዴ ከነካካን የቱ እንደበላዎት አናውቅም፤ ከወር በኋላ ሲመለስ እንደገና ከዜሮ ነው።» ስለዚህ የቤት ሥራ ሰጠችኝ። ማታ ማታ ሦስት ሰዓት አስተኛዋለሁ፤ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ቁጥሩን ጽፌ ከሥራ መልስ እወስድላታለሁ፤ በአንድ ሌሊት አንድ ለውጥ ብቻ። ለተማሪዎቼ በየዓመቱ የምነግራቸው ይህንኑ ነው፦ ሌላውን ሁሉ እንዳለ አቆይተህ አንዱን ብቻ ቀይር።

የመጀመሪያው ሌሊት መቀበያውን ብቻ ነቀልኩ። ጠዋት 68 ነበር። ትልቅ ለውጥ ነው፤ ግን አሁንም 24 ፐርሰንት ሄዷል። በሁለተኛው ሌሊት ስሊፑን ወደ ዲፕ ቀየረችው። ጠዋት ስከፍተው 88። አራት ፐርሰንት! ባለቤቴን ጠርቼ አሳየኋት። በሦስተኛው ሌሊት መቀበያውን መልሰን ሰክተን፣ ግን እንዳይቀሰቅስ ከልክላ፣ አደረ። አሁንም 88። ያን ጊዜ ነው ሁለቱንም ቋሚ ያደረገችው፦ ዲፕን ሲስተሙ ሲነሳ ለከርነሉ በሚሰጠው መመሪያ ላይ ጻፈችው፣ መቀበያውን ደግሞ ዩዴቭ በሚባለው፣ የሚሰኩ ዕቃዎችን በሚያስተዳድረው የሊኑክስ ክፍል፣ ሕግ ጽፋ ከለከለችው።

ቀን ቀን ሲሠራም ትንሽ ይሞቅ ነበር፤ ፓወርቶፕን የከፈተችው ያኔ ነው። ቻርጀሩን ነቅላ ነው የምታየው፤ ፍጆታው የሚገመተው ከባትሪው ላይ ነውና። ፋይል ቶሎ እንዲገኝ ማውጫ የሚያዘጋጀው ፕሮግራም 128 ጊጋባይት ሚሞሪ ካርዴ ላይ ያሉትን ስካን የተደረጉ መጻሕፍት ደጋግሞ ሲያገላብጥ ተገኘ። ካርዱን እንዳይነካ አደረገችው።

የከፈልኩት 700 ብር ነው። የሦስት ቀን ሥራ ስለሆነ ልጨምርላት ብል አልተቀበለችም። ምን እንደቀየረች፣ በየትኛው ፋይል እንደሆነና እንዴት እንደሚመለስ ደግሞ በእጇ ጽፋ ሰጥታኛለች። ወረቀቱን ከዕቃው ጋር ቦርሳ ውስጥ ይዤ እዞራለሁ። ባትሪ ብትሸጥልኝ የበለጠ ታተርፍ እንደነበር አውቃለሁ፤ ለዚህም አከብራታለሁ።

ቅር ያለኝ ነገር አለ። ሱቋ ሁለት ሰው አትይዝም፣ መቀመጫ የለም፤ ቆሜ ነው የጠበቅሁት። መብራት ሲሄድ የብየዳ ሥራ ይቆማል። ለሚቸኩል ሰው አይሆንም፤ «አሁኑኑ ሠርተሽ ስጪኝ» ያላትን አንድ ደንበኛ ዓይኔ እያየ መልሳዋለች። ዕቃውም ከዲፕ ሲነቃ ከድሮው ሦስት አራት ሰከንድ ይዘገያል፤ ይህን አስቀድማ ነግራኛለች።

የሚሄድ ሰው ከቱሉ ዲምቱ አደባባይ ወደ ኮዬ በሚገባው ታክሲ ይምጣ። ክረምት ላይ ከአስፋልቱ እስከ ብሎኩ ያለው መንገድ ጭቃ ስለሆነ ቦት ጫማ ያስፈልጋል። እሑድ ዝግ ነው። ስትሄዱ ቻርጀራችሁንና ዕቃው ላይ ሰክታችሁ የምትተዉትን ሁሉ፣ ትንሹንም ሳይቀር፣ አብራችሁ ውሰዱላት።