ሳይለኩ የማይፈቱ መካኒክ

ይህን የምጽፈው ዴንቨርና አውሮራ አካባቢ ትራክ ለምትነዱ ወንድሞችና እህቶች ነው። በአደባባይ ላመሰግናቸው የምፈልግ አንድ ሰው አሉ። እናንተም ብታውቋቸው ይጠቅማችኋል።

የገና ዋዜማ ነበር። ከእህቴ ልጅ ጋር ጭነት ይዘን ወደ ሶልት ሌክ እየሄድን ነው። የዴፍ (የናፍጣውን ጭስ ለማጣራት ጭሱ ላይ የሚረጨው ፈሳሽ) መብራት ከአንድ ቀን በፊት ጀምሮ በርቶ ነበር። ታንኩ ሙሉ ስለሆነ "ሴንሰሩ ነው" ብለን አለፍነው። ሻያን ልንደርስ ስንል የሞተሩ ጉልበት ወረደ። ቆይቶ መኪናው በሰዓት ከ5 ማይል በላይ አልሄድ አለ። እንደምንም ትራክ ስቶፕ ገባን።

እዚያው አካባቢ ካለ ጋራዥ አንድ ባለሙያ መጣ። ላፕቶፑን ሰክቶ የብልሽቱን ኮድ አነበበና የጭስ ማጣሪያው ሲስተም በሙሉ ይቀየር አለ። የጠየቀን ከ11 ሺህ ዶላር በላይ ነው። ታንኩን ከፍቶ እንኳን አላየም። ያን ገንዘብ ብከፍል የዚያ ወር የመኪናው ክፍያም የቤት ኪራይም አይኖርም ነበር።

አንድ ጓደኛዬ የእኚህን መካኒክ ስልክ ሰጠኝና ደወልኩ። መጀመሪያ የጠየቁኝ ስለ ኮዱ አልነበረም። "ልጄ፣ ዴፉን ከየት ቀዳችሁት?" አሉኝ። ከዚያ "ምንም እንዳትነኩ፣ መጣሁ" አሉ። በዚያ ብርድ 100 ማይል ያህል ነድተው መጡ። በዓሉን ከቤተሰብ ጋር የሚያሳልፉበት ምሽት ነበር። ባለቤታቸው ለእኛም ጭምር ሽሮና ጎመን ቋጥረው ልከውልናል። እግዚአብሔር ይስጥልን።

ጋሼ (ሁላችንም እንደዚያ ነው የምንላቸው) አገር ቤት ኤንትሬ (የድሮው የፊያት ጭነት መኪና) ሥር ተኝተው ሙያውን የተማሩ ሰው ናቸው። ኤንትሬ ደግሞ ዴፍ የሚባል ነገር አያውቅም። አዲሱን ቴክኖሎጂ እዚህ መጥተው፣ በዚህ ዕድሜያቸው፣ ከሥር ከመሠረቱ ተምረውታል። ከኪሳቸው በአንድ ዓይን የሚታይበት ትንሽ መለኪያ አወጡ። ከታንኩ አንድ ጠብታ አስነኩትና እኔም እንዳይ ሰጡኝ። ዴፍ ማለት 32.5 በመቶ ዩሪያ፣ ቀሪው የተጣራ ውሃ ነው። የእኛው 21 አሳየ። "ውሃ ገብቶበታል" አሉ።

ነገሩ ያኔ ተገለጠ። ጎን ሳጥኑ ውስጥ ሁለት ነጭ ጀሪካኖች ነበሩ። አንዱ ዴፍ፣ ሌላው ውሃ ነው። ሁለቱም ሲያዩዋቸው አንድ ናቸው፣ ልጁም በጨለማ ተሳስቷል። አልተቆጡትም። አጠገባቸው አድርገው አሠሩት።

ታንኩን (ሰልባትዮውን ማለቴ ነው) አራገፉ። ማዕድኑ በወጣለት ውሃ አጠቡት፣ ምክንያቱም የቧንቧ ውሃ ውስጥ ያለው ማዕድን ካታሊስቱን (ጭሱ የሚጣራበትን ክፍል) ይጎዳል። ፊልትሮውን ቀየሩ። የዴፍ መርጫው አፍ ላይ እንደ ጨው የጋገረውን ነጭ ነገር አጸዱ። ከፓምፕ አዲስ ዴፍ ሞላን። በመጨረሻ በላፕቶፕ ሲስተሙን ፈትሸው መኪናው ራሱ ማረጋገጫ ሰጠ። 5 ሰዓት ፈጀ። ፊልትሮውን ጨምሮ 780 ዶላር ከፈልኩ።

እየሠሩ ያስረዱን ነገር ለኔ ከገንዘቡ ይበልጣል። ዴፍ፣ አውሮፓ ያላችሁት አድብሉ የምትሉት፣ ነዳጅ አይደለም፤ ሞተር ውስጥም አይገባም። ትኩሱ ጭስ ላይ ይረጭና ወደ አሞኒያ ይለወጣል። አሞኒያው መርዛማውን የናይትሮጅን ኦክሳይድ ካታሊስቱ ውስጥ ወደ ናይትሮጅንና ውሃ ይቀይረዋል። የ2010 የልቀት ሕግ ከመጣ ወዲህ እዚህ አሜሪካ የምንነዳቸው የናፍጣ ትራኮች በአብዛኛው በዚህ ነው የሚሠሩት። ዩሪያው ገበሬው ማሳው ላይ የሚበትነው ያው ዩሪያ ነው፣ ግን እጅግ የተጣራ። ስለዚህ ማዳበሪያ በጥብጦ መጨመር አይታሰብም።

የብርዱንም ነገር ጠየቅኳቸው። ዴፍ ከዜሮ በታች 11 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ይረጋል። ሲቀልጥ ግን እንደ ነበረ ነው፣ አይበላሽም። መኪናው ራሱ በሞተሩ ሙቀት ያቀልጠዋል። ሙቅ ውሃም ሆነ አንቱፍሪዝ እንዳትጨምሩ። ዴፍን የሚያበላሸው ይልቅ ሙቀት ነው። በጋውን ሙሉ ፀሐይ ላይ የከረመ ጀሪካን አትመኑት።

አንድ ነገር ደጋግመው አስጠንቅቀውናል። ሰማያዊ ክዳን ያለው የዴፍ ታንክ ውስጥ ናፍጣ ከገባ ቁልፉን እንኳ አታዙሩ። ሞተሩ ካልተነሳ ታንኩን ብቻ ማጽዳት ሊበቃ ይችላል። ከተነሳ ግን ናፍጣው በፓምፑና በመስመሩ ያልፋል፣ ወጪውም ያን ጊዜ ነው የሚከብደው።

ሲስተሙን ነቅለው እንዲያጠፉላችሁ የምትፈልጉ ካላችሁ ግን እሳቸው ጋር አትሂዱ። ሕገ ወጥ ስለሆነ አይሠሩትም። እኔም በዚህ አከብራቸዋለሁ።

ጋሼ፣ ያን ሌሊት እኔንም ልጁንም ከጭንቅ አውጥተውናል። ዕድሜና ጤና ይስጥልን።

ስልካቸውን የምትፈልጉ በኢንቦክስ ጻፉልኝ፣ እልካለሁ። ስትደውሉላቸው ዴፉን መቼና ከየት እንደቀዳችሁ አስታውሳችሁ ደውሉ። እሑድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ስለሚሆኑ ከቅዳሴ በኋላ ይሁን።